የታከመ ጭድ፣ የተጠበቀ ፋጉሎ፦ ተረፈ ምርትን ለከብት መኖ ማብቃት

የዛሬው ዝግጅት ከአውድማ፣ ከወፍጮ ቤት፣ ከዘይት መጭመቂያና ከጠላ ጋን የሚተርፈውን ነገር ይመለከታል። ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ቁጥሩ 70 ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል። ያን ሁሉ ከብት ይመግብ የነበረው ግጦሽ ግን በደጋውም በወይና ደጋውም ከዓመት ዓመት ለእርሻ ታርሷል። በብዙ ቀበሌ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት የላሟም የበሬውም ቀለብ ጭድ፣ ገለባና አገዳ ነው።

ጭድ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ አያፋፋም። በመጋቢት ወር ገጠር የሄደ ሰው ሆዷ የተነፋ፣ የጎድን አጥንቷ ግን አንድ በአንድ የሚቆጠር ላም ያያል። ጠግባለች ተብሎ ይታሰባል። አልጠገበችም፤ የበላችው ጭድ አልፈጭ ብሎ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ሌላ እንዳትበላ ቦታውን ይዞባት ነው።

ለምን አልፈጭ እንዳለ ለማወቅ ወደ ጨጓራዋ መግባት ያስፈልጋል። እንደ ላም፣ በግ፣ ፍየልና ግመል ያሉ የሚያመሰኩ እንስሳት የጭድን ቃጫ የሚሰብር ኢንዛይም ከራሳቸው አካል አያመነጩም። ሥራውን የሚሠሩላቸው በትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ከላም ጨጓራ ፈሳሽ አንድ ሚሊ ሊትር ቢቀዳ እስከ 10 ቢሊዮን ባክቴሪያ ይገኝበታል። እነዚህ ጭዱን እያብላሉ ወደ አሲድነት ይለውጡታል፤ ላሟ ጉልበት የምታገኘው ከእነዚያ አሲዶች ነው። ተሕዋስያኑ ራሳቸውም ከምግቡ ጋር ወደ ታች ሲወርዱ ይፈጩና ፕሮቲን ይሆኗታል። አርቢው በገንዳው ላይ መኖ ሲያቀርብ፣ በቅድሚያ የሚቀልበው እነርሱን ነው።

እነርሱ ደግሞ ለመራባት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። የመኖው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ በታች ሲወርድ ቁጥራቸው ይመነምናል፤ ሥራቸውም ይቀዘቅዛል። የስንዴና የገብስ ጭድ ፕሮቲን ከ3 እስከ 5 እጅ ቢደርስ ነው። የጤፍ ጭድ ከእነርሱ ይሻላል፤ የምስር፣ የባቄላና የሽምብራ ገለባ ደግሞ ከጤፉም ይበልጣል። ከናይትሮጅን ማነስ በተጨማሪ ሊግኒን የሚባል ጠንካራ ነገር አለ። በእንጨት ግድግዳ ላይ እንደተመረገ ጭቃ የጭዱን ቃጫ ዙሪያውን ሸፍኖ ይይዘዋል፤ ተሕዋስያኑም ወደ ውስጥ አይዘልቁም። ስለዚህ ጭድን ለማሻሻል ሁለት ነገር መደረግ አለበት፤ ምርጊቱን ማላላትና ናይትሮጅን መጨመር። የዩሪያ ሕክምና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ጭድን የማከም ሐሳብ ሥር የሰደደው በጦርነት ችጋር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን የባሕር መንገዷ ተዘግቶባት እህልና መኖ ባጠራት ጊዜ የአገሪቱ ኬሚስቶች ፊታቸውን ወደ ጭድ አዞሩ። ከእነርሱ አንዱ ኤርንስት ቤክማን ነበር። ጭዱን በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ አጥቦ ለከብት ማቅረብ እንደሚቻል አሳየ፤ ሥራውንም እ.ኤ.አ. በ1921 አሳተመ። ጭዱ በእርግጥ ለሰለሰ። ነገር ግን ሶዳው የሠራተኛውን ቆዳ ይልጣል፣ እጥበቱ ውሃ ይፈጃል፣ እጣቢው ወንዝ ይበክላል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኖርዌይና ሌሎች የአውሮፓ አገሮች በላስቲክ በተሸፈነ የጭድ ክምር ውስጥ የአሞኒያ ጋዝ መልቀቅ ጀመሩ። ለእነርሱ ሠራላቸው። ታንከርና አስፋልት መንገድ ለሌለው ገበሬ ግን የማይደረስበት ነገር ሆነ።

መፍትሔው የተገኘው በማዳበሪያው ከረጢት ውስጥ ነው። ዩሪያ በውሃ ሟሙቶ ርጥብ ጭድ ላይ ሲርከፈከፍና አየር ሲከለከል በጭዱ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ጋዙ ከውጭ አይመጣም፤ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይወለዳል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በባንግላዴሽ፣ በስሪላንካና በህንድ በስፋት ተሞክሯል፤ ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ በምርምር ማዕከላትና በልማት ሠራተኞች በኩል ገበሬው ዘንድ ደርሷል። አሁንም ግን ከሚገባው በታች ነው የሚሠራበት፤ ይህ ሊያስቆጭ ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለ100 ኪሎ ደረቅ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያና ከ50 እስከ 80 ሊትር ውሃ ይዘጋጃል። ውሃው እንደ ጭዱ ድርቀት ይለያያል። ዩሪያው በበርሜል ውስጥ ጨርሶ እስኪሟሟ በእንጨት ይማሰላል፤ አንድ ፍሬ እንኳ ሳይሟሟ መቅረት የለበትም። ውሃ የማይቋጥር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጉድጓድ ይቆፈርና ወለሉም ግድግዳውም ላስቲክ ይለብሳል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ በደንብ ከተረገጠ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ጭድ ይይዛል። ጭዱ በአንድ ጊዜ አይገባም። አንድ ክንድ ያህል ይነጠፋል፣ በአትክልት ማጠጫ ውህዱ እኩል ይርከፈከፍበታል፣ ሁለት ሦስት ሰው ገብቶ እየዞረ ይረግጠዋል፤ ከዚያ ሌላ ንጣፍ። ማዕዘኖቹ ጠንከር ብለው መረገጥ አለባቸው፤ አየር የሚቀረውና ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። ጉድጓዱ ከአፉ በላይ ጉብ እስኪል ከተሞላ በኋላ ላስቲኩ ይሸፈናል፣ ዙሪያው በአፈር ይመረጋል፣ ድንጋይ ይጫንበታል።

በቆላና በወይና ደጋ 21 ቀን ይበቃዋል። ብርድ በሚጠናበት ደጋ አንድ ወርና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ሙቀት ሲያንስ ዩሪያው ወደ አሞኒያ የሚለወጠው ቀስ ብሎ ነውና።

ጉድጓዱ ሲከፈት ሽታው ዓይን ይቆጠቁጣል፣ አፍንጫ ይሰረስራል። መጥፎ ምልክት አይደለም፤ አሞኒያው መፈጠሩን ይናገራል። ነጣ ብሎ የገባው ጭድ ጠቆር ያለ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ በእጅ ሲጨበጥ እንደበፊቱ አይሰበርም፣ ይለመጣል። ሽታ ከሌለው ግን የሆነ ቦታ ጋዙ ሾልኳል ማለት ነው። ነጭ ወይም ጥቁር ሻጋታ የያዘው ክፍል ተለይቶ ይጣላል። ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ማታ ይወጣና ተበትኖ ሲናፈስ ያድራል፤ ላስቲኩ ወዲያው ይመለሳል። ጠዋት ላይ ሽታው ሲቀንስ ለከብቱ ይሰጣል። ብዙ ከብቶች በመጀመሪያው ቀን አሽትተው ይተዉታል። ካልታከመው ጋር እየተደባለቀ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከተለመደ ግን ገንዳውን ጠርገው መብላት ይጀምራሉ።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ የጭዱ ፕሮቲን ከ4 እጅ ተነሥቶ ወደ 7 ወይም 8 እጅ ከፍ ይላል፤ ተሕዋስያኑ የሚፈልጉት መጠን ላይ ደረሰ ማለት ነው። የመፈጨት አቅሙም ይጨምራል፤ ቶሎ ስለሚፈጭም ከብቱ በቀን የሚበላው መጠን ያድጋል። ሁሉም ዩሪያ ጭዱ ውስጥ አይቀርም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ናይትሮጅን ሲከፈትና ሲናፈስ በንኖ ይጠፋል። ይህን አይቶ ብክነት ነው የሚል ገበሬ አለ። ማዳበሪያ በተወደደበት ጊዜ ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ዩሪያ ቢያንስ 10 ኩንታል ጭድ ያክማል። ያ ጭድ ለሚታለቡ ላሞች፣ ለሚደልቡ በሬዎችና ለእርሻ ለሚዘጋጁ በሬዎች ከሆነ ወጪውን ይመልሳል፤ ሥራ ለሌለው፣ ወተት ለማይሰጥ ከብት ከሆነ ግን ባይደክሙበት ይሻላል። ለተራበ ከብት ሁሉ ጭድ ይታከም የሚል ምክር ገበሬውን ያከስራል።

አሁን ስለ አደጋው። ዩሪያ በአግባቡ ካልተያዘ ይገድላል። ጨጓራ ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ አሞኒያ ከተፈጠረ ተሕዋስያኑ ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ ወደ ደም ይገባል። ከብቱ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ይወድቃል፤ ከበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊሞት ይችላል። በዚህ ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ይጠራል፤ ሐኪሙ እስኪደርስ ኮምጣጤ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ተበርዞ ቢጋት አሞኒያው ወደ ደም እንዳይገባ ያግዛል። ከዚያ በፊት ግን መከላከሉ ይቀላል። ዩሪያ የሟሟበት በርሜል ተከድኖ ይቀመጥ፤ በርሜሉ አጠገብ የተጠማ ከብት አይድረስ። ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ ጨጓራው ገና ስላልበሰለ የታከመ ጭድ አይሰጥም። አህያ፣ ፈረስና በቅሎም የሚያመሰኩ አይደሉምና ከዚህ መኖ ይራቁ።

ዩሪያን ያለ ጉድጓድ፣ በጥቂቱና ቀኑን ሙሉ ለተሕዋስያኑ የሚያደርስ ሌላ ዘዴም አለ፤ በህንድ የጉጃራት ግዛት አናንድ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የወተት ልማት ቦርድ ከአውስትራሊያዊው ተመራማሪ ሮናልድ ሌንግ ጋር ያስፋፋው የሚላስ ጡብ። ሞላሰስ 40 ኪሎ፣ ፍሩሽካ 25 ኪሎ፣ ፋጉሎ 10 ኪሎ፣ ዩሪያ 10 ኪሎ፣ ሲሚንቶ 10 ኪሎ፣ ጨው 5 ኪሎ ተቦክቶ፣ በሳጥን ተቀርጾ፣ በጥላ ይደርቃል። ከብቱ ይልሰዋል እንጂ መንከስ የለበትም፤ ስለዚህ እንደ ድንጋይ መጠንከር አለበት። አንድ ትልቅ ላም በቀን ግማሽ ኪሎ ገደማ ትልሳለች። በወንጂ፣ በመተሐራና በፊንጫ አካባቢ ላለ አርቢ ሞላሰሱ ቅርብ ነው፤ ርቆ ላለው ግን የማጓጓዣው ዋጋ ሁሉን ነገር ያጠፋዋል።

ወደ ዘይት መጭመቂያውና ወደ ወፍጮ ቤቱ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። የኑግ ፋጉሎ ከመቶ 30 እጅ ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ፍሩሽካ ከ15 እስከ 17 እጅ። አተላና የቢራ ብቅል ተረፈ ምርትም ፕሮቲናቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውሃቸው ስለሚበዛ በጥቂት ቀን ይበላሻሉ። እዚህ ላይ መድከም ያለበት ማሻሻል ላይ ሳይሆን ማቆየት ላይ ነው። የኑግ ፋጉሎ ርጥበት ካገኘው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ይበቅልበታል። ላሟ ስትበላው መርዙ ቅርጹን ለውጦ ወተቷ ውስጥ ይገባል፤ ወተቱ ቢፈላም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም ይህ መርዝ ተገኝቶባቸዋል፤ ከመኖዎቹ መካከልም ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎው ሆኖ ተገኝቷል። ወተቱን የሚጠጡት ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ፋጉሎ ሲገዛ ተሰብሮ ውስጡ ይታይ፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቀለም ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው አይገዛ። ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቤት ይቀመጥ፤ በአንድ ጊዜም ከወር ቀለብ በላይ አይከማች። በርካሽ የተሸጠ የሻገተ ፋጉሎ ለማንም አይረክስም።

ከእንስሳት አካል የሚገኘው ተረፈ ምርትም ታሪኩ ሊነገር ይገባዋል። በገጠር አጥንት ስታኝክ የምትታይ ላም አለች። አንዳንዱ ልማድ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፎስፈረስ አጥሯት ነው። በደቡብ አፍሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከብቶች እግራቸው እየዛለ በብዛት ይሞቱ ነበር። ስዊዘርላንድ ተወልዶ እዚያ የሠራው የእንስሳት ሐኪም አርኖልድ ታይለር ምክንያቱን ደረሰበት። መሬቱ ፎስፈረስ የለውም፤ ሣሩም የለውም፤ ከብቶቹ ጉድለቱን ለመሙላት በሜዳ የወደቀ የጥንብ አጥንት ያኝካሉ፤ አጥንቱ ላይ ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሽባ የሚያደርግ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ተራብቷል። ንጹሕ የአጥንት ዱቄት ሲሰጣቸው አጥንት ማኘኩን ተዉ፤ ሞቱ ቀነሰ፤ ክብደታቸውም ጨመረ።

የአጥንት ዱቄት በዚህ ተመሰገነ። ከዚያ በእንግሊዝ ነገሩ ተገለበጠ። የሥጋና የአጥንት ዱቄት ርካሽ የፕሮቲን መኖ ሆኖ ለላሞች ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ከብቶች እየተንገዳገዱ፣ እየደነበሩ የሚሞቱበት አዲስ የአንጎል በሽታ ታወቀ፤ በተለምዶ የእብድ ላም በሽታ የተባለው ነው። ምንጩ የታመመ ከብት ቅሪት የገባበት ያው ዱቄት መሆኑ ሲደረስበት በ1988 የሚያመሰኩ እንስሳትን ቅሪት መልሶ ለሚያመሰኩ እንስሳት መስጠት በእንግሊዝ ተከለከለ። ከ180 ሺህ በላይ ከብት ታመመ፤ ሚሊዮኖች ለጥንቃቄ ታርደው ተወገዱ። በ1996 በሽታው ወደ ሰው መተላለፉ ይፋ ሆነ፤ በዚያች አገር ብቻ ከ170 በላይ ሰዎችን ገድሏል። አሜሪካም በ1997 ተመሳሳይ እገዳ አወጣች። ሣር እንድትበላ በተፈጠረች እንስሳ ሆድ ውስጥ የራሷን ዘር ሥጋ መክተት ይህን ያህል አስከፍሏል።

ስለዚህ ከቄራ የወጣ የሥጋ፣ የደም ወይም የአጥንት ዱቄት ለላም፣ ለበግና ለፍየል አይሰጥ። ፎስፈረሱን ከሌላ ቦታ ማግኘት ይቻላል፤ ለዚያውም ከቅርብ። ፍሩሽካ በፎስፈረስ የታወቀ ነው። አርቢዎቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚሰጡት ቦሌ ጨውና ሌሎች ማዕድናት ያስገኛል፤ ፎስፈረሱ ግን አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። አጥንት የምታኝክ ላም ያለው አርቢ አጥንቱን ከአካባቢው ሰብስቦ ይቅበር፤ ከዚያ በቀን አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ፍሩሽካ ከቦሌ ጋር ያቅርብላት።

ከአገር ውስጥ ልምድ መጥቀስ ካስፈለገ የሐረርጌ ገበሬ ሳይነሣ አይታለፍም። የሐረር ሰንጋ የሚደልበው ሰፊ ሜዳ ላይ አይደለም። ማሳው ጠባብ ነው፤ በሬው በደጅ ይታሰራል። ገበሬው ማሽላና በቆሎውን አጠጋግቶ ይዘራና በሚያሳሳበት ጊዜ የሚነቅለውን ቡቃያ ለበሬው ያመጣለታል፤ ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ እየቀነጠበ ያቀርባል፤ አገዳውንም ቆራርጦ በየጊዜው በእጁ ያጎርሰዋል። ተረፈ ምርቱ ደርቆ ሊግኒኑ ከመጠንከሩ በፊት ለምለም ሳለ ተሰጠ ማለት ነው። ኬሚካል የለውም፤ ጉልበትና ትዕግሥት እንጂ። በማሳ ዳር ሳስፓኒያ፣ ሉኪኒያ ወይም ለደጋው ትሪሉሰርን የሚባሉ የመኖ ዛፎችን የተከለ ሰው ደግሞ ከ20 እጅ በላይ ፕሮቲን ያለው ቅጠል በነፃ አለው፤ በጭዱ ላይ በቀን ከ2 እስከ 3 ኪሎ እርጥብ ቅጠል መጨመር ለብዙ ቤተሰብ ከዩሪያውም የቀለለ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሁለት ላም ያለው ቤተሰብ ለእያንዳንዷ በቀን 6 ኪሎ የታከመ ጭድ ቢያስብ በ21 ቀን ውስጥ 250 ኪሎ ገደማ ያስፈልገዋል። ለዚህ ሦስት ሜትር ኩብ የሚሆን ጉድጓድ፣ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ተኩል ዩሪያና ከ125 እስከ 200 ሊትር ውሃ ይበቃል። ጎን ለጎን ሁለት ጉድጓድ ቢቆፈር አንዱ ሲበላ ሌላው ይበስላል። የመጀመሪያው ጥር መጨረሻ ላይ ከተዘጋ በየካቲት ሦስተኛ ሳምንት ይከፈታል፤ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው በተከፈተበት ዕለት ይሞላል። ውሃው የሚቀዳው ከወንዝ ከሆነ ሥራው በጥር ቢጀመር ይመረጣል፤ መጋቢት ላይ በብዙ አካባቢ ወንዙ ይርቃል፣ የሰውም የከብቱም ጉልበት ይደክማል። ላስቲኩ ሳይቀደድ ከተያዘ ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል። መጠኑን በመጀመሪያው ጊዜ አጠገብ ሆኖ የሚያሳይ የቀበሌ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ቢጠራ፣ በተለይ የዩሪያው ሚዛን ሲለካ፣ መልካም ነው።